ቦታኒጋርድ 22 ደብልዩፒ፦ ሕያው ፈንገስን እንደ መርዝ ለሚረጩ

ቦታኒጋርድ 22 ደብልዩፒ በውኃ ተበጥብጦ ተባይ ላይ የሚረጭ ደቃቅ ዱቄት ነው። ከክብደቱ 22 በመቶው ቤውቬሪያ ባሲያና የተባለው ፈንገስ ስፖር (ፈንገሱ የሚበቅልበት ዘር መሰል ቅንጣት) ሲሆን፣ በአንድ ግራም ውስጥ 44 ቢሊዮን ያህል ስፖር አለ ማለት ነው። የቀረው ስፖሩን ተሸክሞ ከውኃ ጋር የሚያዋህድ መቀላቀያ ነው። መለያው ላይ ጂኤችኤ የሚል የዝርያ ስም ተጽፏል፤ ይህ ዝርያ አሜሪካ ውስጥ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቦ የሚሸጥ ስለሆነ ገና በሙከራ ላይ ያለ ነገር አይደለም። ፍርዱን ለማስቀደም ያህል፦ ለነጭ ዝንብ ግልገል ጥሩ ነው፣ ትሪፕስ ለተባሉ ደቃቅ ነፍሳት አጋዥ ነው፣ ለክሽክሽ እንደ ሁኔታው ነው፣ ለቀይ ሸረሪት ግን ቀዳሚ ምርጫ ሊሆን አይገባም። ከምርቱ ጥራት ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው አረጫጨቱ ነው። አብዛኛው «አልሠራልኝም» የሚል ቅሬታ የሚመጣውም ዱቄቱን እንደ ማንኛውም የኬሚካል መርዝ ከመቁጠር ነው።

መርዙ የት ነው ያለው?

የፈንገስ መርዝ ለተፈጥሮ ፀረ-ተባይነት ሊውል ይችላል ሲባል፣ መርዙ ተጣርቶ ጠርሙስ ውስጥ የገባ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ነው። በዚህ ጥቅል ውስጥ የሚሠራው መርዝ ገና አልተመረተም። ስፖሩ ተባዩ ቆዳ ላይ ያርፋል፣ ይጣበቃል፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ከተስማማው ከ16 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ያቆጠቁጣል። ከዚያ ስብን፣ ፕሮቲንንና የቆዳው ማጠንከሪያ የሆነውን ካይቲንን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች እያፈሰሰ፣ በጉልበትም እየገፋ ቆዳውን ይበሳል። ተባዩ መብላት አይጠበቅበትም፤ መነካቱ ይበቃል። ጭማቂ ብቻ በሚመጥጡ ተባዮች ላይ ፈንገስ ብልጫ የሚያገኘው በዚህ ነው፤ ቢቲ የሚባለው የባክቴሪያ ምርት ካልተበላ ምንም አያደርግም።

መርዙ የሚመጣው ፈንገሱ ከቆዳው ስር ገብቶ በተባዩ ደም ውስጥ መባዛት ሲጀምር ነው። ቤውቬሪሲን የተባለው ቀለበት መሰል ሞለኪውል ፖታሲየምንና ሌሎች አዮኖችን በሴሉ ሽፋን አሳልፎ የውስጡን ሚዛን ያፋልሳል። ኦስፖሬን የተባለው ቀይ ቀለም ያለው ንጥረ ነገር የተባዩን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ በቤውቬሪያ የሞቱ ተባዮች አንዳንዴ ወደ ቀይ የሚያደሉት በእሱ ምክንያት ነው። የቅርብ ዘመዱ ሜታራይዚየም ደግሞ ዴስትራክሲን የተባሉ መርዞችን ይሠራል። እነዚህ በ1961 እ.ኤ.አ. ተለይተው የታወቁ ሲሆን ዛሬ ከ30 በላይ ዓይነታቸው ተመዝግቧል። የጡንቻ ሴሎችን የካልሲየም በር ስለሚከፍቱ ተባዩ መጀመሪያ ይገትራል፣ ቀጥሎ ይዝላል።

ታዲያ ዴስትራክሲንን ወይም ቤውቬሪሲንን ብቻውን አጣርቶ መሸጥ ለምን አልተለመደም? ቤተ ሙከራ ውስጥ አስደናቂ ውጤት የሚታየው መርዙ በመርፌ ወደ ተባዩ ደም ሲገባ ነው። ሲበላ ይቀንሳል፤ ቆዳ ላይ ሲረጭ ደግሞ ከሁሉም ይደክማል። ፈንገሱ መርፌም ፋብሪካም ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው፤ ሁለቱንም ትቶ መርዙን ብቻ ማውጣት ትርፉ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ከፈንገስ ማብቀያ በርሜል የሚወጣው የመርዝ መጠን ትንሽ፣ ማጣራቱ ውድ ነው። ደኅንነቱም ሌላ ጥያቄ ነው። ቤውቬሪሲን ፉዛሪየም በተባለ ፈንገስ በተበከለ በቆሎ ላይም የሚገኝና የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚከታተሉት መርዝ ነው፤ ኦስፖሬንም ዶሮዎችን እንደሚጎዳ ይታወቃል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል «የማይጎዳ» ማለት አይደለም።

የመርዙ ብዛት የፈንገሱን ገዳይነት ብቻውን እንደማይወስንም ማወቅ ይጠቅማል። አንበጣን ለመከላከል የሚረጨው ሜታራይዚየም አክሪደም ዴስትራክሲን የሚያመርትበት የጂን ክምችት የለውም፤ ሆኖም በአንበጣ ላይ ከተሳካላቸው ፈንገሶች አንደኛው እሱ ነው። ተባዩን ሰውነቱን ወርሮ በማሟጠጥ ይገድላል። ስለዚህ አንድ ሻጭ «የእኛ ዝርያ ከሌላው የበለጠ መርዝ ያመርታል» ቢል፣ ጥሩ ምልክት ነው ተብሎ ዋጋ ሊጨመርለት አይገባም።

ከእውነተኛው የፈንገስ መርዝ ጋር ሲነጻጸር

ከፈንገስ ሞለኪውል ተነሥቶ ገበያ ላይ የደረሰ መርዝ የሚፈልግ ሰው መመልከት ያለበት አፊዶፓይሮፔንን ነው። መነሻው ፔኒሲሊየም ኮፕሮቢየም የተባለው ሻጋታ የሚያመርተው ፓይሪፓይሮፔን ኤ ሲሆን፣ በኬሚስትሪ ትንሽ ተለውጦ የተሠራ ነው። የጀርመኑ ኬሚካል ኩባንያ ቢኤኤስኤፍ ንጥረ ነገሩን ኢንስካሊስ ብሎ ሰይሞ፣ ቨርሲስና ሴፊና በሚሉ የምርት ስሞች ያቀርበዋል፤ አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ይህኛው ተባዩ ሚዛኑንና የእግሩን እንቅስቃሴ የሚያውቅበትን የስሜት አካል ያውካል። ክሽክሹ በሰዓታት ውስጥ መምጠጥ ያቆማል፣ የሚሞተው ግን ከቀናት በኋላ ነው። በማግስቱ ቅጠሉን ገልብጦ «ቆመው አየኋቸው» ብሎ ደግሞ መርጨት እዚህም ስሕተት ነው።

ሁለቱ በጠባያቸው ይራራቃሉ። አፊዶፓይሮፔን ከቅጠሉ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ የአረጫጨት ጉድለትን በከፊል ይሸፍናል፣ ለአየር እርጥበትም ደንታ የለውም። ነገር ግን የሚይዘው እንደ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ያሉ መጣጮችን ነው፤ ለትሪፕስ፣ ለአባጨጓሬና ለጥንዚዛ አይሆንም። ተባዩ ሊለማመደውም ይችላል። ፀረ-ተባዮች ተባዩን በሚመቱበት መንገድ ሲመደቡ ምድቡ 9ዲ ነው፤ ፓይሜትሮዚን የተባለው ሌላ ኬሚካል ደግሞ 9ቢ ነው። ሁለቱ የሚመቱት ያንኑ የስሜት አካል ስለሆነ አንዱን ከሌላው ጋር እያፈራረቁ «መድኃኒት ቀየርኩ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ቦታኒጋርድ በዚህ በኩል ነጻ ነው፤ ቆዳ የሚበሳ ፈንገስን ተባይ እንደ አንድ ኬሚካል በቀላሉ አይላመደውም፣ ስለዚህ በማፈራረቂያ መርሐ ግብር ውስጥ ከየትኛውም ምድብ ጎን ይገባል።

በነገራችን ላይ ስፒኖሳድና አባሜክቲን «የፈንገስ መርዝ» ተብለው ሲሸጡ ይታያል። የሁለቱም ምንጭ የአፈር ባክቴሪያ ነው። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ ከዚህ ወገን ግን አይደሉም።

አበጣበጥና መጠን

መለያው ለግሪንሃውስ የሚፈቅደው በ100 ጋሎን ውኃ ከግማሽ እስከ 2 ፓውንድ ነው፤ ወደ 100 ሊትር ሲለወጥ ከ60 እስከ 240 ግራም ይሆናል። በየአገሩ የተመዘገበው መለያ የሚለየው ካለ የሚሠራው እሱ ነው። 120 ግራም በ100 ሊትር ሲበጠበጥ በአንድ ሚሊሊትር 53 ሚሊዮን ያህል ስፖር ይገኛል፤ ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 19 ግራም ማለት ነው። በማንኪያ መለካት አይመከርም፤ ዱቄቱ እንደ አጠቃቀጡ በማንኪያ የሚይዘው ክብደት ይለያያል። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግድ ነው።

ዱቄቱን በቀጥታ ታንከሩ ላይ መበተን የመጀመሪያው ጥፋት ነው። ላዩ እርሶ ውስጡ ደረቅ የሆነ ድቡልቡል ይሠራል፣ ኖዝልም (የመርጫውን አፍ) ይደፍናል። ስፖሩ ራሱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ የትኛውም ማጣሪያ አያግደውም፤ የሚያግደው ድቡልቡሉ ነው። ታንከሩን እስከ ግማሽ ውኃ ይሙሉ። በሌላ ባልዲ ውስጥ የተመዘነውን ዱቄት በጥቂት ውኃ እያሹ እንደ ቀጭን ገንፎ ያድርጉት፣ ከዚያ እያማሰሉ ወደ ታንከሩ ይገልብጡና ውኃውን ይሙሉ። የውኃው ፒኤች ከ5 እስከ 7 መካከል ቢሆን ይመረጣል። እየረጩ ሳለም ማናወጥ አይቋረጥ፤ ለአሥር ደቂቃ የቆመ መርጫ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ባዶ ውኃ ይሆናል፣ የመጨረሻው መደዳም ከሚገባው በላይ ያገኛል።

የተበጠበጠው በዚያው ቀን ያልቃል፤ አያድርም። ውኃ የነካው ስፖር ይነቃል፣ ማብቀል ይጀምራል፣ ተባይ ካላገኘም ይሞታል። በማግስቱ የሚረጨው ቀለሙ ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን የለም።

ሌላው ቁልፍ ነገር የቅጠሉ ጀርባ ነው። ነጭ ዝንብ የሚኖረው እዚያ ስለሆነ ኖዝሉ ከታች ወደ ላይ መመልከት አለበት። ስፖሩ በቅጠሉ ውስጥ አይዘዋወርም፣ ስለዚህ ጠብታ ያልነካው ግልገል አልተረጨም። የውኃውን መጠን ቆጥቦ የዱቄቱን መጠን ማብዛት ይህን አያካክስም።

ሰዓቱ ወደ ማታ ይሁን። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያልተሸፈነ ስፖርን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ጠዋት የረጨ ሰው ስፖሩ ሊያቆጠቁጥ የሚፈልገውን ጊዜ ለፀሐይ ሰጠ ማለት ነው። ማታ የተረጨ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጥላና እርጥበት ያገኛል። ግሪንሃውስ ከሆነ ከርጭት በኋላ መስኮቶቹን ዘግቶ ማሳደር ይረዳል፣ ለቅጠል በሽታ በር እስካልከፈተ ድረስ። ተስማሚው ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ15 በታች ሥራው ይንቀራፈፋል፣ 35 አካባቢ ደግሞ ይቆማል። በሞቃት ወቅት ጣሪያው ስር 38 ዲግሪ የሚደርስ ግሪንሃውስ ያለው ሰው ገንዘቡን ለሌላ ወቅት ቢያቆይ ይሻለዋል።

ርጭቱ ከ5 እስከ 10 ቀን ልዩነት ይደገማል። ተባዩ በርክቶ ቅጠሉ ከተጣበቀ በኋላ መጀመር ትርፍ የለውም፤ ይህ ምርት ጥቂት ሳለ የሚይዙበት እንጂ ወረርሽኝ የሚያጠፉበት አይደለም። ክሽክሽ ወይም ነጭ ዝንብ ከበዛ መጀመሪያ ፈጣን መድኃኒት ቁጥሩን ያውርደው፣ የቀረውን ፈንገሱ ይልቀመው።

የሚበላሸው የት ነው?

ክሽክሽ ላይ የውጤቱ መዋዠቅ ምክንያት አለው። በሞቃት ቀን የክሽክሽ ግልገል በአንድ ተኩል ወይም በሁለት ቀን አንዴ ቆዳውን ይጥላል። ስፖሩ ገና እየበሳ ሳለ ቆዳው ከነስፖሩ ይወልቃል፣ ግልገሉም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የነጭ ዝንብ ግልገል ግን አንዴ ቅጠሉ ላይ ከተተከለ አይንቀሳቀስም፣ በየዕድገት ደረጃው ላይም ረዘም ብሎ ይቆያል፤ ለፈንገስ ከዚህ የተመቸ ኢላማ የለም። ትሪፕስ ደግሞ አበባ ውስጥ ይደበቃል፣ የእድገቱንም ከፊል አፈር ውስጥ ያሳልፋል። ስለዚህ ለእሱ ደጋግሞ መርጨትና ከሌላ ዘዴ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት ግን ፀረ-ፈንገስ ነው። ማንኮዜብ ወይም ክሎሮታሎኒል በረጨ እጅ በማግስቱ ቦታኒጋርድ መርጨት ሕያው ፈንገስን በፈንገስ ገዳይ ላይ መዝራት ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት ይቆይ፤ በአንድ ታንከር መቀላቀልማ አይታሰብም። ባልታጠበ ታንከር ውስጥ የቀረ ቅሪትም ይበቃል፤ ለሕያው ምርቶች የተለየ መርጫ መያዝ የሚመከረው ለዚህ ነው። የቅጠል በሽታ በየሳምንቱ የሚያስረጭ ሰብል ያለው ሰው ይህን ምርት ከመግዛቱ በፊት የርጭት መርሐ ግብሩን ወረቀት ላይ ያውጣ። የ48 ሰዓት ክፍተት የማይገኝበት ከሆነ አፊዶፓይሮፔን ወይም ሌላ ኬሚካል ይሻለዋል።

ፍርድ የሚሰጥበት ቀንም አለው። በሦስተኛው ቀን የሞተ ተባይ ፈልጎ ማጣት ውድቀት አይደለም፤ ለውጡ የሚታየው ከመጀመሪያው ርጭት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ነጭ ሻጋታ ያለበሰው ሬሳ ካልታየ አልሠራም ማለትም አይቻልም፤ ሻጋታው ወደ ውጭ የሚወጣው አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ የሞቱ ግልገሎች ያሉበትን ቅጠል በእርጥብ ወረቀት ላይ አድርጎ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ 25 ዲግሪ አካባቢ ማስቀመጥ ነው። ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ከሬሳው ከወጣ ገዳዩ ቤውቬሪያ ነው።

ዱቄቱ በሕይወት አለ?

ሙቀት ውስጥ የከረመ ጥቅል ላዩ አይለወጥም። ማይክሮስኮፕና ንጹሕ የመሥሪያ ቦታ ያለው እርሻ በአንድ ቀን ሊፈትነው ይችላል። ጥቂት ዱቄት 0.05 በመቶ ትዊን 80 የተባለ ሳሙና መሰል ማዋሃጃ ባለበት ንጹሕ ውኃ ይበጠበጥና ስፖሮቹ ተለያይተው እስኪታዩ ይቀጥናል። አንድ ጠብታ ድንች ዴክስትሮዝ አጋር በተባለ የፈንገስ ማብቀያ ላይ ይደረግና በ25 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በ400 ጊዜ ማጉያ 300 ስፖር ይቆጠራል፤ ከስፖሩ ስፋት የረዘመ ቡቃያ ያወጣ እንደ ሕያው ይያዛል። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ጥቅሉን ለሻጩ መመለስ ይገባል። 50 በመቶ ሲሆን መጠኑን እጥፍ አድርጎ መርጨት በሒሳብ ደረጃ ያስኬዳል፤ ነገር ግን የተረፈውም ግማሽ የተዳከመ ሊሆን ስለሚችል አይመከርም። 24 ሰዓት ካለፈ የበቀሉት ተጠላልፈው መቁጠር ስለማይቻል ሰዓቱ ይጠበቅ።

ጥቅሉ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። እርጥበት የገባበት ስፖር ሙቀትን አይቋቋምም፤ አምራቾች የፈንገስ ስፖርን እስከ 5 በመቶ አካባቢ የሚያደርቁት ለዚህ ነው። አንዴ የተከፈተ ጥቅል አየሩ ወጥቶ በደንብ ካልታሸገ ከአካባቢው እርጥበት መልሶ ይጠጣል። የመድኃኒት መጋዘኑ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ይህን ምርት እዚያ አያስቀምጡ።

ለሰው፣ ለንብና ለሐር ትል

መለያው ከርጭት በኋላ ወደ ማሳው ለመመለስ 4 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቅ ቀን ግን የለውም፣ ማለትም 0 ቀን ነው። በየቀኑ የሚለቀሙ እንደ ኪያር ያሉ ሰብሎች ላይ ዋናው ማራኪነቱ ይህ ነው። ፈንገሱ በሰው የሰውነት ሙቀት እምብዛም አያድግም፤ አደጋው ከመመረዝ ይልቅ አለርጂ ነው። ዱቄቱን ደጋግሞ የተነፈሰ ሠራተኛ ሊያስነጥሰውና ደረቱን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ በመመዘንና በመበጥበጥ ጊዜ ኤን95 ጭምብል፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረግ። የበሽታ መከላከያ አቅሙ የተዳከመ ሰው ይህን ሥራ ባይሠራ ይሻላል።

ንቦች አበባ ላይ ባሉበት ሰዓት አይረጭ። የቀፎ ውስጥ ሙቀት ለፈንገሱ ስለሚበዛበት ቀፎው በከፊል የተጠበቀ ነው፤ በቀጥታ የተረጨች ንብ ግን ያው ነፍሳት ናት። ሐር ትል ባለበት አካባቢ ደግሞ ከነአካቴው አይታሰብ። ጣሊያናዊው ተመራማሪ አጎስቲኖ ባሲ በ1835 እ.ኤ.አ. የሐር ትሎችን በነጭ ሻጋታ የሚፈጀው በሽታ የዚህ ፈንገስ ሥራ መሆኑን አሳይቷል፤ ባሲያና የሚለው ስምም ከእሱ የመጣ ነው።

ዱቄቱ ወይስ ዘይቱ?

ቦታኒጋርድ ኢኤስ በሚል ስም ፈሳሽ ዘይታማ ዓይነትም አለ። ዘይቱ ስፖሩን ሰም ባለው የተባይ ቆዳ ላይ በደንብ ያጣብቃል፣ ለመበጥበጥም ቀላል ነው፤ ግን ለዘይት ስሱ የሆኑ ሰብሎችን ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። ቲማቲምና ቀለማቸው ለገበያ የሚፈለግ አበቦች ላይ ዱቄቱ የተሻለ ነው። ኢኤስን የመረጠ ሰው በጥቂት ተክሎች ላይ በሚጠቀምበት መጠን ረጭቶ ለጥቂት ቀናት ይጠብቅ፣ በተለይ አዲስ ቅጠሎቹን ይመልከት። ለኦርጋኒክ ማረጋገጫ የሚያመርት ደግሞ ከሁለቱም በፊት ማይኮትሮል የሚለውን፣ ያንኑ ጂኤችኤ ዝርያ በዕፀዋት ዘይት የያዘ ምርት ይጠይቅ፤ የቦታኒጋርድ ኢኤስ ዘይት ከፔትሮሊየም የተገኘ ነው።